ዘጠኝ ጉድለት ያለበት ላፕቶፕ

«ዲዛይኑን የሚሠራልኝ የልጄ ባል ነው፤ ኢንጂነር ነው። እኔ ቤት በግምት የሚሠራ ነገር የለም» እያለ ነበር ወንድሟ በስልክ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ገና አልሞላም፤ የእንጨት ሥራ ቤቱ መጋዞች ስላልተነሡ እያንዳንዱ ቃል ጥርት ብሎ ከቢሮው ይወጣል። እሷ ከተደገፉት የኤምዲኤፍ ጣውላዎች ጀርባ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር ታስር ነበር። ተደብቆ የማዳመጥ አመል የላትም፤ ግን ክሩን አስራ ከጨረሰች በኋላም ቀና አላለችም። አራት ዓመት ሙሉ ከዚህ ቤት የወጣውን ቁምሳጥን፣ የኩሽና መደርደሪያና የሱቅ ባንኮኒ ሁሉ በኮምፒውተር የነደፈችው እሷ ናት። ኢንጂነር የተባለው የወንድሟ ልጅ ባል የውሃ መሐንዲስ ነው፤ ስለ ቧንቧ ቢጠይቁት ቁጭ አድርጎ ያስተምራል፤ መሳቢያን ግን ከፍቶ ከመዝጋት ያለፈ አያውቀውም። ይህን ወንድሟም ያውቃል፣ ኢንጂነሩም ያውቃል፣ ጠዋት ጠዋት የእንጨት ብናኝ የሚጠርገው ሠራተኛ እንኳ ያውቃል። የማያውቁት ደንበኞች ብቻ ናቸው።

በሥራ ቤቱ ሁሉም «ሜትር» ነው የሚላት፤ ከቀኝ ኪሷ የብረት ሜትር ጠፍቶ ስለማያውቅ። እናቷ ያወጣችላት ስም የሚገኘው መታወቂያዋ ላይና ወር ሲደርስ በምትፈርምበት የደመወዝ ወረቀት ላይ ብቻ ነው። ወንድሟ ይህን ቤት ከከፈተ ጀምሮ ብርጭቆ ወረቀት ይዛ ጣውላ ስታለሰልስ፣ ቫርኒሽ ስትቀባ ስድስት ዓመት ቆየች። ከዚያ አንድ ቀን በኢንጂነሩ ቢሮ ውስጥ የነበረውን ትልቁን ኮምፒውተር ልትወለውል ገብታ የመንደፊያውን ፕሮግራም ተከፍቶ አየችው። ምሳ ሰዓቷን እየሰዋች፣ ቪዲዮ እያየች፣ እየተሳሳተችና እየሰረዘች በዓመቱ ቁምሳጥን በስክሪን ላይ መትከል ቻለች። አርባ ሁለት ዓመቷ ነበር። ወንድሟ ሲያየው በጣም ተደሰተ፤ ደስታው ግን አንድ ነገር ጨመረበት፦ የታተመው ወረቀት ጥግ ላይ «ነዳፊ» የሚል ሣጥን አለ፤ እዚያ ውስጥ የኢንጂነሩን ስም አስገባ። «ደንበኛ ኢንጂነር ሲባል አይከራከርም፤ አንቺና እሱ ደግሞ ምን ልዩነት አላችሁ፣ ያው ቤተሰብ ነው» አላት። እሷም ያኔ፣ እውነት ምን ልዩነት አለው፣ ብላ ተወችው። ልዩነቱ የገባት ቀስ በቀስ ነው። ትልቁ ኮምፒውተር ከቢሮ አይወጣም፤ ስለዚህ እሷም ከቢሮ አትወጣም። ወጣች ከተባለም ክፍል ለመለካት፣ ሜትር ያዥ ሆና ነው። ወረቀቱን ይዞ ደንበኛ ቤት የሚሄደው፣ «እጅዎ ይባረክ» ተብሎ የሚመለሰው ኢንጂነሩ ነው።

ዛሬ ግን ትከሻዋ ላይ ያንጠለጠለችው ቦርሳ እንደ ወትሮው ምሳ ዕቃ ብቻ አይደለም የያዘው። ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ባለፈው ዓመት መደርደሪያውን ከነደፈችለት የኮምፒውተር ሱቅ፣ አንድ ትንሽ የጌም ላፕቶፕ ለአንድ ቀን ሙከራ ተውሳ ወጥታለች። ባለሱቁ ለማንም የማያደርገውን ነው ያደረገላት፤ ነጋዴ ነውና መታወቂያዋን ግን መያዣ አስቀርቷል። «ነገ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወይ ዕቃው ይመለሳል ወይ ዋጋው ይመጣል» ብሏታል። ዋጋው የአምስት ወር ደመወዟ ነው፤ ለዓመታት የቆጠበችው ሁሉ ማለት ነው። ትናንት ቤቷ ስትገባ ፕሮግራሙን ጫነችበት፤ ሥራዎቿን ሁልጊዜ ከቢሮው ኮምፒውተር በፍላሽ ገልብጣ የማስቀመጥ ልማድ ስላላት እነሱንም አስገባችበት። ከነሱ መካከል የዓመቱ ትልቁ ሥራ አለ፦ አንዲት የጥርስ ሐኪም የምትከፍተው ክሊኒክ፣ አራት ክፍል ሙሉ። ወንድሟ፣ ኢንጂነሩና ዶክተሯ ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ክሊኒኩ ውስጥ ይገናኛሉ። ሜትር ጣውላው ጀርባ ሆና የወሰነችው ይህን ነው፦ ዛሬ ዶክተሯ ፊት ሥራዋን በራሷ እጅ ካሳየች ላፕቶፑ የሷ ይሆናል፤ ካላሳየች ግን መልሳው መታወቂያዋን ትወስዳለች፣ ሜትር ያዥነቱንም እንደ ዕድሏ ትቀበለዋለች። ቀና አለችና የጉልበቷን ብናኝ አራገፈች።

መጀመሪያ የሄደችው ወደ ዕቃ ክፍሉ ነው። ዕቃ ክፍሉን የምትጠብቀው የወንድሟ ሚስት ናት፤ ምስማርና ማጠፊያ በኪሎ የምትመዝንበት ሚዛን ፊቷ ላይ አለ። ሜትር ምስማሩን ወደ ጎን አደረገችና ላፕቶፑን ከሚዛኑ ላይ አስቀመጠችው። የወንድሟ ሚስት መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቅላ አየችው፣ ከዚያ ሜትርን አየቻት፣ ከዚያ እንደገና ላፕቶፑን።

«ይሄ የኢንጂነሩ ጓደኞች የሚጫወቱበት ዓይነት አይደል እንዴ? ቁልፉ ቀለሙን የሚቀያይረው?»

«ነው።»

«በአርባ ስድስት ዓመትሽ ጌም ልትጀምሪ?»

«ጌም አይደለም፤ ለሥራ ነው። ለጌም የተሠራው ማሽን ነው የኔን ሥዕል ሳይንገዳገድ የሚያዞረው።»

«እንዲያ ይላሉ ሁሉም» አለችና የወንድሟ ሚስት ሳቋን መለሰች። ከዚያ ወደ ሚዛኑ ጎንበስ ብላ በዕቃ ጠባቂ ቁም ነገር አነበበች፦ «አንድ ኪሎ ከስድስት መቶ። ምስማር ቢሆን ይቺን ታህል አታወጣም ነበር።» ባለሱቁ ስለ ክብደቱ አልዋሸም ማለት ነው። ሜትር ግን ከቦርሳዋ ሌላ ጥቁር፣ ከባድ ነገር አወጣችና ጨመረችበት። ቻርጀሩ ነው። መርፌው ዘለለ። ሰባት መቶ ግራም። «ሰውየው ይሄን ሲነግርሽ አልጨመረውማ!» አለች የወንድሟ ሚስት፤ ነጋዴን ሲያታልል መያዝ ከምንም በላይ የሚያስደስታት ነገር ነው። ሁለቱ ሴቶች የሚዛኑን መርፌ አዩ። ስለ ጠዋቱ የስልክ ወሬ ሁለቱም ያውቃሉ፤ የወንድሟ ሚስት ቢሮው አጠገብ ነው የምትቀመጠው፣ የባሏ ድምፅ አይሰማትም ማለት አይቻልም። ልጇን የዳረችለት ሰው ስም ከፍ ብሎ ሲጠራ ደግሞ ደስ ይላታል፤ ደስ ባይላት ነበር የሚገርመው። ሁለቱም ሳያነሡት ቀረ።

ሜትር ጥግ ላይ ተቀምጣ መጽሐፍ የምታህል የነጭ ኤምዲኤፍ ቁራጭ ጉልበቷ ላይ አደረገች። ከጆሮዋ ጀርባ ያለውን የአናጺ እርሳስ አወረደችና መሐሉ ላይ ቀጥ ያለ መስመር አሠመረች። በግራ «ጉድለት»፣ በቀኝ «ጥቅም» ብላ ጻፈች። ጥቅሙ ቶሎ አለቀ። ከቦርሳ ይገባል። ከቻርጀሩ ውጭ ቀላል ነው። ክፍል ሲዞር አይንገጫገጭም። ቀለም አይዋሽም፤ የዋንዛውን ቡኒ እንደ ዋንዛ፣ የጥዱን ቢጫ እንደ ጥድ ያሳያል። አራት። ጉድለቱ ግን እጇን አሳመማት። ቻርጀሩ የግማሽ ላፕቶፕ ያህል ይመዝናል። ማራገቢያው ሥራ ሲበዛበት ይጮኻል፤ ትናንት ስትሞክረው ጎረቤቷ ግድግዳውን አንኳኩታ «ምንድን ነው የምትፈጭው?» ብላታለች። ይግላል፤ ጭን ላይ አያስቀምጡትም። ባትሪው ለቀላል ነገር ቀኑን ሙሉ ይቆይ ይሆናል፣ ለሥራ ግን አንድ ሰዓት አይሞላም። ስክሪኑ ለሷ ዓይን ትንሽ ነው፤ የወፍጮ ቤት ሒሳብ እንደሚያነብ ሰው አንገቷን ማስገግ አለባት። የማስታወሻ ቺፑ፣ ራሙ፣ ከዋናው ሰሌዳ ጋር የተበየደ ነው፤ ነገ ሌላ ልጨምርበት ቢሉት እሺ አይልም። የቁልፎቹ መብራት ከቀይ ወደ አረንጓዴ፣ ከአረንጓዴ ወደ ሐምራዊ እየተቀያየረ መጠጥ ቤት ያስመስለዋል፤ ማጥፊያውን ፈልጋ አጣችው። ዋጋው። ዘጠነኛው ደግሞ ስሙ፦ ጌም። ይህን ስትጽፍ እርሳሱን ጠበቅ አድርጋ ያዘችው። ሌላው ሁሉ የማሽኑ ጉድለት ነው፤ ይሄኛው የሰው አፍ ነው። ዘጠኝ ለአራት። ማንም ጤነኛ ሰው ይህን አይቶ ዕቃውን አይገዛም፤ እሷም ቁራጩን ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት ልቧ ለሁለት ተከፍሎ ነበር።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ወንድሟ ከቢሮ ወጣ፤ ኢንጂነሩ የተጠቀለሉትን ወረቀቶች ብብቱ ሥር ይዞ ይከተለዋል። ሸሚዙ ተተኩሶ ጠርዙ ወረቀት የሚቆርጥ ይመስላል። ደህና ሰው ነው፤ ሜትር አንድ ቀን ከሱ ክፉ ቃል ሰምታ አታውቅም፤ ምናልባት ደግሞ ችግሩ ያ ነው፣ የሚጣሉትን ሰው እንኳ አላገኘችም። «እኔም እመጣለሁ ጋሼ» አለች። ወንድሟ ቁልፉን እያሽከረከረ አያት። «አንቺ ምን ትሠሪያለሽ? ዛሬ እኮ ልኬት የለም።» አስቀድማ አስባበት ነበር፦ «የኋለኛው ክፍል ግድግዳ ከለካን ወዲህ ተለስኗል። ልስን ሁለት ሴንቲ ይበላል። መደርደሪያው አልገባ ካለ ዶክተሯ በኔ ሳይሆን ባንተ ነው የምትስቀው።» ወንድሟ ሊከራከር አፉን ከፈተና ዘጋው፤ ሁለት ሴንቲ ስንት ሥራ እንዳበላሸበት ያውቃል። ፒካፑ ውስጥ ሦስቱ ተጣበው ተቀመጡ፤ እሷ መሐል፣ ቦርሳዋ ጭኗ ላይ። መንገዱ ተጨናንቋል። ወንድሟ የሬዲዮውን ቁልፍ ዳበሰ፣ ምንም ሳይከፍት ተወው። ትልቁ መታጠፊያ ጋ ሲደርሱ ኢንጂነሩ ጉሮሮውን ጠረገና ወደ መስኮቱ እያየ «እትዬ፣ ትናንት ሲታተም አንድ ሁለት ቦታ ትንሽ ማስተካከያ አድርጌያለሁ፤ እንዳይቀየሙኝ» አላት። ቀለም ነው የነካው ብላ አሰበች። «ምኑን?» ስትል ወንድሟ ክላክስ አደረገ፣ ከፊት የቆመውን አውቶቡስ ሰደበና «ኢንጂነሩ ያውቃል፣ ተይው» አለ። በዚያው ቀረ።

ክሊኒኩ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ የቀለም ሽታ ከደረጃው ይጀምራል። አራቱም ክፍሎች ባዶ ናቸው፤ ወለሉ ላይ ፕላስቲክ ተነጥፏል፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሶኬቶቹን ሁሉ ነቅሎ ሽቦዎቹ ከግድግዳው እንደ ሾለ ጢም ወጥተው ቀርተዋል። ሜትር ይህን ስታይ ቦርሳዋን ዳበሰች። መብራት የለም ማለት ያ ሰባት መቶ ግራም ቻርጀር ዛሬ ድንጋይ ነው ማለት ነው። ጠዋት ስትነካካው ከባትሪው ስድሳ አንድ በመቶ ነው የቀራት። ዶክተሯ በመስኮቱ ብርሃን ቆማ ትጠብቃቸው ነበር፤ ፈጣን፣ አጭር፣ ስትናገር ሰውን አፉን የምታየው ሴት ናት። ወንድሟንና ኢንጂነሩን ጨበጠች፤ ለሜትር «አንቺም መጣሽ፣ ሜትሯ?» ብላ ፈገግ አለችላት። ባለፈው ለልኬት ስትመጣ ያየቻት ለአንድ ሰዓት ነው፤ ስም አልተለዋወጡም።

ኢንጂነሩ ወረቀቶቹን በተገለበጠ የቀለም ባልዲ ላይ ዘረጋ። ዶክተሯ እጆቿን አጣምራ ጎንበስ አለችና የመጀመሪያውን አየች። ሁለተኛውን ገለጠች። ሦስተኛውን ገለጠች። ወንድሟ «ቀለሙ ከፈለጉ ይቀየራል» አለ። ዶክተሯ ወረቀቱን አዙራ፣ ከጣሪያው አቅጣጫ እንደሚያነብ ሰው አየችው። ከዚያ ግራ እጇን አነሣች። «በየትኛው እጄ ነው የምሠራው?» ብላ ጠየቀች። «ግራኝ ነኝ። የኔ ወንበር፣ የኔ ውሃ፣ የመሣሪያዬ መሳቢያ ሁሉ ከታካሚው በግራ መሆን አለበት። ይሄ በሙሉ ለሌላ ሰው ክሊኒክ ነው። በዚህ ክፍል ውስጥ ብሠራ ለእያንዳንዱ መንቀያ በሰው ሆድ ላይ ተንጠራርቼ ነው የማነሣው።» ወረቀቶቹን ሰብስባ ጠቀለለቻቸው፤ በትህትና ነው ያደረገችው፣ ለዚያ ነው የበለጠ ያስፈራው። «እኔ ኢንጂነር ነው የሚሠራው ስትሉኝ እንዲህ ያለ ነገር አያመልጣቸውም ብዬ ነበር። ሌላም ቤት አነጋግሬያለሁ። እስቲ ላስብበትና እደውላለሁ።»

ኢንጂነሩ እስከ ጆሮው ቀላ። ሜትር ያኔ ገባት። እሷ ክፍሉን ሁሉ በግራ ነበር የነደፈችው። በልኬቱ ቀን ዶክተሯ ስልክ ቁጥሯን ስትጽፍላቸው እስክሪብቶውን በግራዋ መያዟን አይታ፣ ማንም ሳይነግራት፣ ወንበሩንም ውሃውንም መሳቢያውንም ወደ ግራ አዙራዋለች። ኢንጂነሩ ትናንት ሲያትመው ነገሩ ሁሉ በተቃራኒው ሆኖ አየው፤ የሚስቴ አክስት ተሳስታለች፣ በዘዴ ላድናት ብሎ በአንድ ቁልፍ ዕቃውን ሁሉ ወደ ቀኝ ገለበጠው። ማስተካከያ ያለው ይህን ነው። ሊያዋርዳት አልነበረም፤ ሊሸፍንላት ነው። ወንድሟ የጫማውን ጫፍ ያያል። ዶክተሯ ቦርሳዋን ከመስኮቱ ላይ እያነሣች ነው። በዚህ ቤት ልማድ መሠረት አሁን ሜትር ሜትሯን ይዛ የኋለኛውን ግድግዳ መለካት ነበረባት፤ ከዚያ በመኪና ውስጥ ሁሉም ዝም ብለው ይመለሳሉ፣ ስሕተቱ የማን እንደሆነም ማንም አያነሣም። እግሯ ግን ወደ ባልዲው ሄደ። «ዶክተር፣ አንድ አምስት ደቂቃ ይስጡኝ» አለች። የገዛ ድምፅዋ ለራሷ እንግዳ ሆነባት።

ላፕቶፑን ባልዲው ላይ ከፈተችው። ቁልፎቹ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ ሆነው ዘፈን ሊጀመር ይመስል ተብለጨለጩ፤ ወንድሟ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ ጥርሱን ነክሶ። ሥዕሉ ተከፈተ። ማራገቢያው ተነሣ፤ ባዶው ክፍል ውስጥ ጩኸቱ እጥፍ ሆነ። ሜትር በሀፍረት «ይቅርታ፣ ትንሽ ይጮኻል» ስትል ዶክተሯ ቦርሳዋን እንደያዘች ቀረብ አለች። «የኔን መቦርቦሪያ ስላልሰማሽ ነው። ሰው የሚሸሸው ድምፅ ለምጄዋለሁ» አለች፤ ከዚያ ስክሪኑን አየች፤ ከዚያ ቦርሳዋን ወለል ላይ አስቀመጠች። ይሄው ክፍል ነበር፤ ይሄው መስኮት፣ ይሄው በር፤ ግን ቁምሳጥኖቹ ገብተው፣ ውሃው በግራ፣ መሳቢያው በግራ። «እነዚህን አራት ቀስቶች ይጫኑ፤ ራስዎ ይራመዱበት» አለቻት ሜትር። ዶክተሯ በግራ እጇ ጫነች። በስክሪኑ ውስጥ ወደፊት ሄደች፤ በሩን አለፈች፣ ተጠማዘዘች፣ ግድግዳ ጋ ደርሳ ተመለሰች፣ ሳቀች። «ጌም ነው እንዴ?» አለች። ጠዋት ቢሆን ሜትር ይህን ቃል ለመካድ አንድ ገጽ ማብራሪያ ነበራት። «አዎ፣ ጌም ነው» አለች። «ከዚህ የሚቀጥለው ክፍል የራጅ ነው፤ ይግቡ።»

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ፈጠነ። ባትሪው አርባ አራት። ዶክተሯ ውሃው ወደ መስኮቱ ቢጠጋ አለች፤ ሜትር በሁለት ንክኪ አጠጋችው። እንደ ድሮው ቢሆን «በሳምንት ውስጥ አሻሽለን እናመጣለን» ነበር መልሱ። ሠላሳ ሦስት። ብርሃኑን ቀነሰች፣ ጥላውን አጠፋች፣ ባትሪው ትንሽ ተነፈሰ። ዶክተሯ መሳቢያው ከፍ ያለ መሰላት። «ቆመው ስላዩት ነው። ሲሠሩ የሚቀመጡበት ወንበር ከወለል ስንት ነው?» ብላ ሜትር ከኪሷ ሜትሯን መዘዘች፤ ዶክተሯን ሌላ ባልዲ ላይ አስቀመጠቻት፣ ከዓይኗ እስከ ወለሉ ለካች፣ በስክሪኑ ውስጥ ያለውን ዓይን ወደዚያው ልክ አወረደችው። አሁን ዶክተሯ ተቀምጣ ነው የምታየው። ግራ እጇን ባዶው አየር ላይ ዘርግታ የሌለ መሳቢያ ሳበች፣ የሌለ መንቀያ አነሣች፣ መለሰች፣ እንደገና ሳበች። ክንዷ አልተንጠራራም። «እዚሁ ነው» አለች ቀስ ብላ። «አሥራ ሰባት ዓመት በሰው ክሊኒክ ውስጥ በቀኝ እጅ በተሠራ ነገር ስሠራ ኖሬ፣ ወገቤን ያሳመመኝ ዕድሜ ይመስለኝ ነበር።» ማራገቢያው ይጮኻል። ላፕቶፑ ፈላ። አሥራ ዘጠኝ በመቶ።

ዶክተሯ ከባልዲው ተነሥታ ወደ ሁለቱ ወንዶች ዞረች። «ይሄንን ማን ነው የሠራው?»

መጀመሪያ የተናገረው ኢንጂነሩ ነው፤ የወረቀቱን ጥቅል ከብብቱ አውጥቶ ይዞታል። «እኔ አይደለሁም ዶክተር። እኔ የውሃ መሐንዲስ ነኝ። ትክክለኛው ይሄ ስክሪኑ ላይ ያለው ነው፤ እኔ ተሳስቷል ብዬ ገለበጥኩት። በዚህ ወረቀት ላይ የኔ ያለው ስሕተቱ ብቻ ነው።» ብሎ ሲጨርስ፣ ከባድ ዕቃ እንዳወረደ ሰው ትከሻው ዝቅ አለ። ዶክተሯ ግን ዓይኗን ከወንድምየው ላይ አላነሣችም፤ በስልክ ያነጋገራት እሱ ነው። ወንድሟ ሜትርን አያት። ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቀው ፊት ነው፤ ሲያጠፋ ለእናታቸው የማይነግርበት ያ ፊት። ዛሬም ልትናገርበት አልነበረም፤ ጠበቀችው እንጂ። ሦስት በመቶ። «እህቴ ናት» አለ። ጉሮሮውን ጠረገና ድምፁን ከፍ አደረገው፦ «አራት ዓመት ሙሉ ሁሉንም የሠራችው እህቴ ናት። በስልክ ሌላ ነው ያልኩዎ፤ አጥፍቻለሁ።» ላፕቶፑ ያን ጊዜ ስክሪኑን አጠቆረ፤ ጩኸቱም ቆመ። ያን ሁሉ ጊዜ ጩኸት ውስጥ እንደነበሩ ያወቁት አሁን ነው።

ዶክተሯ የሥራ ውሉን የፈረመችው እዚያው ባልዲው ላይ ነው፤ በግራዋ፣ እጇን እንደ ግራኝ ሰው ቆልመም አድርጋ። ብዕሩን ስትመልስ ለሜትር እጇን ዘረጋች። «የክፍል ጓደኛዬ እሷም ክሊኒክ ልትከፍት ነው። እርስዎን አገናኛታለሁ» አለች። ሜትር በደረጃው ስትወርድ፣ «አንቺ ሜትሯ» ተብላ የወጣችው ሴት «እርስዎ» ተብላ እየወረደች መሆኗን ልብ አለችና ብቻዋን ፈገግ አለች። የኋለኛውን ግድግዳ ለክታው ነበር፤ ልስኑ ሁለት ሴንቲ ከአራት ሚሊ በልቷል።

ሲመለሱ ፒካፑ ውስጥ የጠዋቱ ጭንቀት አልነበረም። ኢንጂነሩ መስኮቱን ከፍቶ በዝግታ ያፏጫል። መታጠፊያው ጋ ወንድሟ ሳያያት «ያ ላፕቶፕ ስንት ነው ያልሽው?» አላት። «አላልኩህም» አለች። «ሥራ ቤቱ ይግዛልሽ።» አሰበችበት። ሥራ ቤቱ ከገዛው ላፕቶፑ የሥራ ቤቱ ነው፤ ነገ ተነገ ወዲያ ደግሞ አንዱ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ይቀራል። «አይ፣ እኔው እገዛዋለሁ። አንተ የወረቀቱን ሣጥን ስጠኝ፤ ያ ነዳፊ የሚለውን» አለችው። ወንድሟ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ፤ አውቶቡስ ሳይሰድብም መታጠፊያውን አለፈ።

ከሰዓት በኋላውን ሥራ ቤቱ ውስጥ ቻርጀሩን ሰክታ ስትሠራበት ዋለች፤ ሱቁ ሲደርሱ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር። ወንድሟ ተከትሏት ገባና በር ላይ ቆመ። ባለሱቁ ላፕቶፑን ተቀብሎ ዳሰሰው፤ ገና ለብ ያለ ነው። «አሠርተሽዋል» አለ። «ታዲያ፣ መለስሽው ወይስ ወሰድሽው?» ሜትር የኤምዲኤፍ ቁራጩን ከቦርሳዋ አውጥታ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። ባለሱቁ በጣቱ እየቆጠረ አነበበ፤ ቻርጀሩ ጋ ሲደርስ አንገቱን ደፋ፣ መጠጥ ቤቱ ጋ ሲደርስ ሳቀ። «እመቤቴ፣ እኔ ሻጭ ሆኜ ነው የምነግርሽ፤ ይሄ እኮ ዘጠኝ ለአምስት ነው። ጉድለቱ ይበዛል።»

«ይበዛል።»

«አምስተኛው ጥቅም ደግሞ ምን ማለት ነው?» ጣቱን ከቀኙ ረድፍ መጨረሻ፣ በመኪናው ንቅናቄ ፊደሉ ከተንጋደደበት መስመር ላይ አሳረፈ። «አብሬው እሄዳለሁ» ይላል።

«ሚዛኑን የደፋው እሱ ነው» አለች። «ቻርጀሩን ጨምረህ ጠቅልልልኝ።»

ገንዘቡን ከቁጠባዋ ከፈለች። ባለሱቁ መሳቢያውን ከፍቶ መታወቂያዋን መለሰላት፤ ስሟን ጮክ ብሎ፣ ከነአባቷ፣ ለደረሰኙ አነበበው። ወንድሟ ከበሩ ዞር ብሎ አያት፤ ያን ስም ከሰማ ስንት ጊዜ እንደሆነው እያሰበ ይመስላል። በዚህ መሐል የወንድሟ ስልክ ጮኸ፤ የዶክተሯ የክፍል ጓደኛ ነበረች። አነሣው። «አዎ፣ ነኝ። አዎ፣ ዶክተር ነግራኛለች። ዲዛይኑን? ዲዛይኑን የምትሠራው እህቴ ናት።» በወዲያኛው በኩል አንድ ነገር ተጠየቀ። ወንድሟ ቀና ብሎ ትከሻውን አስተካከለ። «አይ፣ ኢንጂነር አይደለችም። ቆይ፣ ራሷን ላገናኝዎ» አለና ስልኩን ዘረጋላት።

ሜትር ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሐል አጣብቃ እርሳሷን አወረደች፤ የኤምዲኤፉን ቁራጭ ወደ ጀርባው፣ ወደ ንጹሑ ነጭ ፊት ገለበጠችው። በመጀመሪያ ጥጉ ላይ ትንሽ ሣጥን ሠራች፤ መታወቂያዋ ላይ ያለውን ስም ሞላችበት። ከዚያ «ሃሎ» አለች። «በየትኛው እጅዎ ነው የሚሠሩት?»